እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፤ ልቤ ግን ድንጋይ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ ዐቢይ ጾምንም አልፌው አላውቅም። እሑድ ገብርኤል አስቀድሳለሁ። ግን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ድንጋይ ነኝ። በአባታችን ቤት ውርስ ምክንያት ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ቆየን፤ ስልኩንም ብሎክ አድርጌዋለሁ። ልብ የሚታደሰው እንዴት ነው? ጾሜስ ከንቱ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንዲህ ብለሽ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እዚህ ሐዋሳ ጾም በገባ ቁጥር የምጠየቀው ስለ ዓሣ ነው፤ ይበላል፣ አይበላም። ስለ ልቡ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው።

ጾምሽ ከንቱ አይደለም፤ እንዳትተዪው። እንባውንም ተዪው፣ አያስጨንቅሽ። እንባ ስጦታ ነው እንጂ መለኪያ አይደለም። ቅዳሴ ላይ ሲያለቅስ አርፍዶ፣ ከግቢው እንደወጣ በሒሳብ ተጣልቶ የባጃጅ ሾፌሩን የሚሳደብ አለ። ዓይኑ ደርቆ የታመመ ጎረቤቱን የሚያስታምምም አለ።

ልብን የሚያድሰው እግዚአብሔር ነው። ዳዊት ነቢዩ ናታን ከገሠጸው በኋላ «ልቤን አስተካክላለሁ» አላለም። «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» ብሎ ለመነ። በሕዝቅኤልም ምዕራፍ 36 የድንጋዩን ልብ አውጥቶ የሥጋን ልብ እሰጣችኋለሁ የሚለው ራሱ እግዚአብሔር ነው። አንቺ በ80 ቀንሽ ተጠምቀሽ ከውኃና ከመንፈስ ተወልደሻል። አሁን የሚቀርሽ ንስሐ ነው።

ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ የምናስበውን የአይሁድ አለቃ ኒቆዲሞስን ተመልከቺ። መጀመሪያ ወደ ጌታ የመጣው ሰው እንዳያየው በሌሊት ነው። ስለ ዳግም ልደት ተምሮ ሲመለስም በአንድ ጊዜ ደፋር አልሆነም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ፈሪሳውያን ጌታን ሲከሱ «ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርዳልን?» ብሎ አንዲት ቃል ተናገረ። ሲያፌዙበት ዝም አለ። ምዕራፍ 19 ላይ ግን ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት 100 ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ፣ የተሰቀለውን ጌታ ሊገንዝ በግልጽ መጣ። ሲገንዘው አለቀሰ የሚል አላነበብኩም። የተለወጠው ግን በሥራው ታየ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። በጥያቄሽ መሃል ጣል አድርገሽው አለፍሽ እንጂ ድንጋዩ ያለው እዚያ ይመስለኛል። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ፣ ሂድና አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ጥፋቱ የማን ይሁን የማን፣ ተነሥቶ የሚሄደው መባ የያዘው ነው።

ቤቱን ተዪለት ማለቴ አይደለም። ድርሻሽን በሽማግሌም በሕግም ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ሰላምታ መንሣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ደስ እስኪልሽ አትጠብቂ። ብሎኩን ዛሬ አንሺ። ማታ መዝሙር 50ን ስትጸልዪ «ንጹሕ ልብን» የሚለው ላይ ስትደርሺ ቆም በዪና የወንድምሽን ስም ጥሪ። መጀመሪያ ምላስሽ ላይ ይከብድሻል። ግድ የለም፣ ጥሪው።

አንድ ነገር ደግሞ ታዘብኩ። አስቀድሳለሁ አልሽ እንጂ እቆርባለሁ አላልሽም። የንስሐ አባትሽን ሄደሽ አማክሪ፤ የኩርፊያውንም ነገር ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ብቻሽን መደወል ከፈራሽ እሳቸው መሃል ገብተው ያስታርቁ።

ወንድሜ ስልኩን ባያነሣስ ትዪ ይሆናል። ባያነሣ ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ ብለሽ ደግመሽ ደውዪ።