የድሮ ቮልስ ክንድ ፍሬቻ አልነሳ ሲል

የድሮ ቮልስ ፍሬቻ ስትታጠፍ ከመኪናው ጎን የሚወጣ ክንድ ነው። ፍሬቻውን ስታበራ «ጠቅ» ብሎ ክንዱ ካልወጣ፣ ኤሌክትሪኩ ደርሷል ማለት ነው። የተጣበቀው ክንዱ ነው፣ ክንዱን በኤሌክትሪክ ስቦ የሚያወጣውን የሽቦ ጥቅል እንዳትቀይረው።

1. የባትሪውን ገመድ ፍታ።
2. ክንዱን ከጫፉ ይዘህ ቀስ አድርገህ አውጣው። ማጠፊያውንና ወደ ጥቅሉ የሚሳበውን ብረት ቤንዚን በነካ ብሩሽ ጥረግ።
3. ሲደርቅ ማጠፊያው ላይ ብቻ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት።

ለአውሮፓ የተሠሩት ቮልሶች እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ይህን ክንድ ይዘው ወጥተዋል፤ ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ነው፣ ስሙ የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው።

ግራሶ ግን በፍጹም! እኔ ቀብቼው አቧራ ጠጥቶ ጭቃ ሆነ፣ ከታጠፍኩ በኋላም ክንዱ እንደወጣ ቀርቶ ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ደግሜ የምታጠፍ መስሎት ለጥቂት ሊገጨኝ ነበር።