ፕሮፖዛሉን ከመላካችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩ ጋ ደውሉ

ውጭ ላላችሁ ወገኖቼ፣ እኔም 14 ዓመት በስደት ኖሬ ነው የተመለስኩት። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ፣ ለትምህርት የሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ ለማን ይድረስ ብለው ከሚመርጡት ሰዎች አንዱ ነኝ። የእናንተ ፕሮፖዛል ሲመጣ ደስ ይለኛል። ሲወድቅ ደግሞ ከልቤ ያመኛል።

መጀመሪያ ማጣራት አለ። የምዝገባ ወረቀት፣ የኦዲት ሪፖርት፣ ቀነ ገደብ። አንዱ ከጎደለ ሳይነበብ ይቀራል። ያለፈውን ሁለት ሦስት ሰው ለየብቻ አንብቦ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥባችን ከተራራቀ ቁጭ ብለን እንከራከራለን። የነጥብ አሰጣጡ ማስታወቂያው ላይ ከወጣ በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉ። ብዙ ወረቀት ለተከመረበት አንባቢ ትልቅ እርዳታ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ችግሩን ማን ነገራችሁ? ብዙዎቻችን የምንጽፈው ድሮ ስለተማርንበት ትምህርት ቤት ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን እንመግብ የሚል ይመጣል። የከተማው አስተዳደር እኮ ምገባ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል! ከዚያ ምን ጎደለ የሚለውን ካልነገራችሁን ድግግሞሽ ነው ብለን እናልፈዋለን።

እኔ ራሴ ውጭ ሳለሁ ለአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ልግዛ ብዬ ጽፌ ውድቅ ሆነብኝ። ርዕሰ መምህሯን ያናገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። «እኛን የቸገረን ውኃ ነው ልጄ» አሉኝ። «ሴቶቹ በወር አበባቸው ሰሞን ከትምህርት ይቀራሉ።» ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በጀቱ ላይም ተጠንቀቁ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአውሮፕላን ትኬትና አበል ገንዘቡን ሲበላው ቶሎ ይታየናል። ታንከር ከገዛችሁ ደግሞ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? ትምህርት ቤቱና የወላጅ ኮሚቴው ኃላፊነቱን እንወስዳለን ብለው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው ደብዳቤ ይስጧችሁ። እኔ ከሁሉ በፊት የምገልጠው ያንን ገጽ ነው።

ዋሽንግተን ያላችሁ፣ ጠዋት ለሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ። እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ይሆናል፤ ርዕሰ መምህሩ ከቢሮ አልወጡም።