ሀዋሳ ላይ ፍሮንት አትፈልጊ

እህቴ፣ «ሀዋሳ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነፋስ ተነስቶ ቀዝቅዞ ሲዘንብ ኮልድ ፍሮንት (ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱን እየገፋ የሚመጣበት ድንበር) አለፈ ማለት ነው? ከሆነ የአየር ሁኔታ ካርታው ላይ ለምን የለም?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። የሚቲዮሮሎጂ ጀማሪ ብዙ ነጥብ የሚጥለው እዚችው ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

1. የፍሮንቶቹን ቀለምና ቅርጽ ታውቂያለሽ ብዬ እዘለዋለሁ። ጣጣው ያለው የጣቢያው ምልክት ላይ ነው፤ ካርታው ላይ የአንድ ጣቢያ ልኬት የሚጻፍበት ማለቴ ነው። ከላይ በስተቀኝ 138 ካየሽ የአየር ግፊቱ 1013.8 ሚሊባር፣ 987 ካየሽ 998.7 ነው፤ ቁጥሩ ከ500 ካነሰ ከፊቱ 10፣ ከበለጠ 9 ጨምሪና የመጨረሻዋን አሃዝ በነጥብ ለያት። የነፋሱ ዘንግ የሚያሳየው የመጣበትን አቅጣጫ ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ጭረት ፍጥነቱ ነው፦ ሙሉ ጭረት 10 ኖት፣ ግማሽ ጭረት 5። ዘንጉን የገለበጠ ሰው ፍሮንቱንም የሌለበት ቦታ ይስለዋል።

2. የካርታው ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ነው። 3 ቀንሺለት፣ የእኛን አቆጣጠር ይሰጥሻል፦ 06 ዩቲሲ ጠዋት 3 ሰዓት፣ 12 ዩቲሲ ከቀኑ 9 ሰዓት።

3. ወደ ሀዋሳ እንምጣ። መማሪያዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ካርታ ብቻ አስተምረው ተማሪውን ሰማዩ ላይ የሌለ ነገር ሲያስፈልጉት ያስቆጨኛል። ፍሮንት የሁለት ሰፋፊ አየሮች ድንበር ነው፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። እነሱ ጋ ኮልድ ፍሮንት ሲያልፍ ዲው ፖይንት (አየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) ይወርዳል፣ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ እዚያው ይጸናል፣ ሲወርድ የቆየው ግፊትም መውጣት ይጀምራል። ሀዋሳ ግን 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ እንዲህ የሚጋጩ ብርድና ሙቀት አጠገቧ የሉም። ዝናባችንን የሚያመጡት አይቲሲዜድ (ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡ ነፋሶች በምድር ወገብ አካባቢ የሚገናኙበት ቀበቶ)፣ እርጥብ ነፋስ፣ ተራራውና የቀኑ ፀሐይ ናቸው።

ታዲያ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ አቧራውን የሚያስነሳው ምንድነው? ከደመናው የሚወርደው ዝናብ በመንገዱ ይተናል፣ አየሩን ያቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ይወርድና መሬት ላይ በየአቅጣጫው ይፈሳል። የዚህ ፍሰት ግንባር ስሙ «ገስት ፍሮንት» መሆኑ ነው ተማሪውን የሚያሳስተው። ስፋቱ ትንሽ ስለሆነ ትልቁ ካርታ ላይ አይሳልም። ለማረጋገጥ ነፋሱን ከዝናቡ በኋላ እይው፦ ተመልሶ ከረጋ ወይም ወደ ቀድሞ አቅጣጫው ከዞረ የደመናው ነፋስ ነበር።

የግፊቱ ነገር ደግሞ የባሰ ያሳስታል። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ባሮሜትሩ 830 አካባቢ ያነባል፤ ወደ ባሕር ወለል ሳትመልሺ ከ1013 ጋር እንዳታወዳድሪው። በዚያ ላይ ግፊቱ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። በዚያ መሃል ጥቂት ሚሊባር ቢወርድ ሎው ፕሬሸር (ዝናብና ነፋስ የሚያመጣ የዝቅተኛ ግፊት አካባቢ) መጣ ማለት አይደለም። ግፊቱ 850 ሚሊባር የሚሆንበትን ከፍታ የሚያሳየው ካርታም ለሀዋሳ አይሆንሽም፤ 1,500 ሜትር ገደማ ማለት ከእግርሽ በታች፣ መሬት ውስጥ ነው! የ700 ሚሊባሩን ክፈቺ። እዚያም ከከፍታ መስመሮቹ ይልቅ የነፋሱን ፍሰት መስመር ተከተይ፤ ኮሪዮሊስ (በምድር መሽከርከር ምክንያት ነፋሱን የሚያጣምመው ኃይል) እዚህ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ያለውን ስድስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋሱ የከፍታ መስመሮቹን ተከትሎ አይሄድልሽም።

ፈተና ላይ የአውሮፓ ካርታ ሰጥተው ፍሮንት ሳዪ ካሉሽ፣ መጀመሪያ ዲው ፖይንት ድንገት የሚለወጥበትን፣ ቀጥሎ ነፋሱ የሚዞርበትን በእርሳስ ነጥቢ። አይሶባሩ (እኩል ግፊት ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) የሚታጠፍበት ሦስተኛ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ ብቻ መስመሩን አስምሪ።