የሕፃናት ሐኪም በታዳጊዎች ሱስ ምን አገባው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልድገመው። ጠያቂዋ የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም) ናት። ጫት፣ ሲጋራና መጠጥ የጀመሩ ታዳጊዎችን ማከም፣ እዚያው ላይ ደግሞ ምርምር እየሠራች በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ትፈልጋለች። ሲኒየሯ ግን «ይሄ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ሥራ ነው፣ አንቺ ምን አገባሽ?» አሏት። እሷም ሦስት ነገር ጠየቀች። መንገዱ አለ ወይ? ከምን ልጀምር? ወይስ ወደ ሳይካትሪ ልቀይር?

እኔ ጅማ ውስጥ የሕፃናት ሐኪምና አስተማሪ ነኝ። ከእነዚህ ልጆች ጋር ቆይቻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን እነግርሻለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር። አትቀይሪ። የሳይካትሪ ባልደረቦቼን አከብራለሁ፣ ያለ እነሱ የማልወጣቸው ኬዞች አሉ። ግን እነሱ ጋ የሚደርሰው ልጅ ዘግይቶ ነው። ትምህርቱን ካቆመ በኋላ፣ ለብቻው ማውራት ከጀመረ በኋላ፣ ጸበሉም ሼሁም ከተሞከረ በኋላ ነው የሚመጣው። እኛ ጋ የሚመጣው ግን ገና ሲጀምር ነው፣ ያውም በሌላ ምክንያት። ጨጓራዬን ይላል። ራሴን ይላል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ሆዴ ደረቀ ይላል። ወይ ከሞተር ወድቆ ክንዱን ሰብሯል። እናቱ ጎኑ ተቀምጣለች። እሷ ባለችበት ማን ምን ይናገራል? የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ይጻፍለትና ይሄዳል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር ነው። እንቅልፍ ያባርራል፣ ረሃብ ያጠፋል፣ ልብ ያስመታል። እነዚህ ሁሉ የሕፃናት ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ላይ በየቀኑ የምናያቸው ቅሬታዎች ናቸው። ደግሞ ጫት ብቻውን አይመጣም። ሲጋራው አለ፣ አንዳንዴ ሺሻው አለ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር መጠጡ፣ ጨብሲው ይከተላል። ልጅ «ጫት ብቻ ነው» ካለሽ ቀሪዎቹንም አንድ በአንድ ጠይቂ።

የዕድሜውም ጉዳይ አለ። በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሕፃናት ክፍል የሚቀበለው እስከ 14 ዓመት ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ታዳጊ የሚለው ግን ከ10 እስከ 19 ያለውን ነው። ስለዚህ 15 የሞላው ልጅ አዋቂዎች ዋርድ ይገባል፣ ከ60 ዓመት ሽማግሌ ጎን ይተኛል። የሕፃናት ሐኪሙ «አልፏል» ይላል፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ «ልጅ ነው» ይላል። በትምህርት ዓለም ስም መሥራት ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ባለቤት ያጣ ቦታ አይናቅም።

መንገዱ አለ ወይ ላልሽው፣ ውጭ አገር መንገዱን ከጠረጉት መካከል የሕፃናት ሐኪሞች አሉበት። ጆን ናይት እ.ኤ.አ. በ1999 በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የታዳጊዎች ሱስ ምርምር ማዕከል አቋቋመ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን ክራፍት የተባለ ባለ ስድስት ጥያቄ መጠይቅም ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ዋናው ጥናት ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆኑ 538 ታዳጊዎች ላይ የተሠራ ነው። ልብ በይ፣ እነዚህ ልጆች ማገገሚያ የገቡ አይደሉም። ለተራ ሕክምና ክሊኒክ የመጡ ናቸው። ያንቺ ኦፒዲ ላይ እንደሚመጡት ማለት ነው። ከስድስቱ ሁለቱን «አዎ» ያለ ልጅ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል።

እነ ናይት እዚያ አላቆሙም። ልጁ በኮምፒውተር ጥያቄ ይመልሳል፣ ከዚያ ሐኪሙ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ያወራዋል። ይህን ዘዴ በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድና በቼክ ሪፐብሊክ ክሊኒኮች ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ኒው ኢንግላንድ ላይ የቀነሰው መጠጥ ነው። ቼክ ላይ የቀነሰው ደግሞ ማሪዋና። ዘዴው አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። ታዲያ ጅማ ላይ፣ ጫት ላይ ምን ያደርጋል? እኔ ይህን ጥያቄ ይዞ ዕድሜ ልኩን የሚሠራ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል። እዚያው ቦስተን የሕክምናውን ፕሮግራም ለዓመታት የመራችው ሻሮን ሌቪም የሕፃናት ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሱስ ሕክምና ራሱን የቻለ ሰብ ስፔሻሊቲ (ከስፔሻሊስትነት በኋላ የሚሠለጥኑበት ዘርፍ) ሆኖ ሲታወቅ ለሕፃናት ሐኪሞችም ክፍት ሆኗል። ሲኒየርሽ «ምን አገባሽ» ሲሉሽ ይህን በትሕትና ንገሪያቸው።

መጠይቁን ግን እንዳለ አትቅጂው። የክራፍት የመጀመሪያ ጥያቄ ተጠቅሞ የሚነዳ ሰው መኪና ውስጥ ስለመግባት ነው። የኛ ልጅ የሚሄደው በባጃጅና በሞተር ነው። ሹፌሩ ጉንጩን ወጥሮ ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ደግሞ ይህን ከነጭራሹ አያስተውለውም። ያንን ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ችግር ያለበትንና የሌለበትን አትለዪም። በተቃራኒው «ብቻህን ሆነህ ትጠቀማለህ?» የሚለው እዚህ ወርቅ ነው። በርጫ የጓደኛና የወግ ነገር ነዋ! ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን የሚቅም ልጅ ሲገጥመኝ ጆሮዬ ይቆማል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ከምን ልጀምር ወዳልሽው። እባክሽን በ«ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» አትጀምሪ። እንዴት እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። መጠይቅ ይባዛል፣ ትምህርት ቤት ይኬዳል፣ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ ይገባል፣ ቴሲሱ (የመመረቂያ ጥናቱ) ያልቃል። መልሱም ሳይሠራ ይታወቃል። ወንዱ ይበዛል፣ ጓደኛው ይቅማል፣ ቤቱ ይቃማል። መደርደሪያችን በዚህ ሞልቷል። የጎደለን ልጁ ከተገኘ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ከሦስት ወር በኋላስ የት ደረሰ? ማን ተመለሰ፣ ማን ቀረ፣ የቀረው ለምን ቀረ? ይህን የሚነግርሽ መጠይቅ አይደለም፣ ክሊኒክ ነው።

ስለዚህ ክሊኒክ ክፈቺ። ትልቅ ነገር አታስቢ። በሳምንት ግማሽ ቀን፣ አንዲት ነርስ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ይበቃል። በሩ ላይ አትደራደሪ። በአንድ ክፍል ሁለት ሐኪም ተቀምጦ በሚያክምበት ቦታ ስለ ሱስ የሚናገር ልጅ የለም። ቀኑን ሐሙስ፣ በጅማ የገበያ ቀን፣ ብታደርጊው ጥሩ ነው። ከገጠር የሚመጣው ቤተሰብ ቀጠሮውን ከገበያው ጋር ያገናኘዋል፣ ለአንድ ቀጠሮ ብቻ ትራንስፖርት አይከፍልም።

መጀመሪያ እናትና ልጅ አብረው ይግቡ። ደንቡን ለሁለቱም አንድ ላይ ንገሪያቸው። «ከልጁ ጋር ብቻችንን እናወራለን። የሚነግረኝ እዚሁ ይቀራል። ራሱን ሊጎዳ ካሰበ ወይም ሰው እየጎዳው ከሆነ ግን ዝም አልልም።» ከዚያ እናት ትወጣለች። ቀላል አይምሰልሽ። «እኔ ወልጄው ከኔ የሚደበቅ ምን አለ?» የምትል እናት ብዙ ናት። እኔ «እማማ፣ ይህን ለሁሉም ልጅ ነው የምናደርገው» እላለሁ። ለሁሉም ስለማደርገው ደግሞ ከልቤ ነው የምለው። ከልጁ ጋር ስትቀሪ ከቤቱ ጀምሪ። ትምህርት፣ ጓደኛ፣ ጨዋታ፣ እያልሽ ወደ ሱሱ ግቢ። ስለ ስሜቱና ራስን ስለማጥፋት ሳትጠይቂ ግን እንዳትለቂው።

ከዚያስ? ለጫት ሱስ ይሄ ነው የሚባል የተረጋገጠ መድኃኒት የለንም። ቤተሰብ ይህን መስማት አይወድም። «ግሉኮስ እንኳ ይሰቀልለት» ይሉሻል። ሕክምናው ንግግር ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የማነቃቂያ ቃለ ምልልስ የሚሉት ዘዴ ለዚህ ይጠቅማል። ሐሳቡ ልጁ የሚተውበትን ምክንያት ራሱ እንዲናገረው ማድረግ ነው። «ጫት ይጎዳል» ብለሽ ብትሰብኪው አንገቱን ደፍቶ «እሺ ዶክተር» ይልሻል፣ በሩ ላይ ይረሳዋል። ኳስ ተጫዋች ልጅ ግን «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጣለሁ» ብሎ በአፉ ከተናገረ መነሻ አገኘሽ። እዚያ ላይ ቆዪ፣ አትቸኩዪ። ለመተው ሲወስን የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስቀድመሽ ንገሪው። ሀራራ አለ፣ ድብርት አለ፣ ሌሊት ዱካክ (ቅዠት) አለ፣ ያልፋል። ካልነገርሽው ታመምኩ ብሎ ወደ ጫቱ ይመለሳል።

አባቱን ጠላት አታድርጊው። ይህ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ የሚጠቅም ምክር ይመስለኛል። ዙሪያችን ቡና ብቻ አይደለም፣ ጫትም የቤት መተዳደሪያ ነው። የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ከጫት ማሳ የወጣ ሊሆን ይችላል። አባት በዱዓውም በለቅሶውም ይቅማል። እሱን «ተው» ብትዪው ልጁን ይዞ ይቀራል። እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ልጁ ፊት አይቃሙ፣ ጫት ግዛ ብለው አይላኩት። ብዙ አባቶች ይህን ይቀበላሉ። አንዳንዱማ አስቦት አያውቅም፣ ይደነግጣል።

ማስቲሽ የሚስቡት የጎዳና ልጆች ሌላ ዓለም ናቸው። ለእነሱ ሆስፒታል ተቀምጦ መጠበቅ አይሠራም። ከማኅበራዊ ሠራተኞች ጋር ወጥተሽ ነው የምታገኚያቸው። አሁን አልገባበትም።

ምርምሩ ከክሊኒኩ ይወጣል። ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ ያዢ፣ ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ቅጽ ተጠቀሚ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ወላጅ ይፈርማል፣ ልጁም ይስማማል። ወላጅ «የጫት ተጠቃሚዎች ጥናት» ላይ ከፈረመ ግን የልጁ ምስጢር እዚያው አበቃ። መፍትሔው የሚጠቀመውንም የማይጠቀመውንም፣ የመጣውን ታዳጊ ሁሉ ማካተት ነው። ያኔ ጥናቱ ውስጥ መግባት ብቻውን ማንንም አያጋልጥም።

ጅማ ደግሞ ለዚህ ሥራ ደሃ ቦታ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ በማውጣት የታወቀ ነው። ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራው የጅማ ወጣቶች ጥናት ከ2,000 በላይ ታዳጊዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ልጆችን በየቤታቸው መልሶ ማግኘት እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው። ሳይካትሪውም ጫት ላይ የቆየ ልምድ አለው። ከእነሱ አንድ ሰው አማካሪ አድርጊ። ይህ ለሥራውም ለልጆቹም ይበጃል፣ «የማን ክልል ነው» የሚለውን ጭቅጭቅም ይቀንስልሻል።

ዕድገቱ ይዘገያል፣ አልዋሽሽም። ልጆችን እየተከታተሉ የሚሠራ ጥናት በአንድ ሴሚስተር አያልቅም። ጓደኞችሽ በመጠይቅ ጥናት ቀድመውሽ ተባባሪ ፕሮፌሰር ይሆናሉ። ገንዘቡም ያው ነው። ለግል ክሊኒክ የሚሆን ሙያ አይደለም፣ ልጁ አይከፍል፣ አባቱ «ወሬ ብቻ አውርታ» ብሎ አይከፍል።

ለአሁኑ ሲኒየርሽን በክርክር አትግጠሚያቸው። በጨጓራና በራስ ምታት የሚመጡትን የ12፣ የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ለብቻቸው ጠይቂ። አንዱን ኬዝ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ አድርገሽ፣ ሞርኒንግ ሴሽን (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ አቅርቢ። የዚያን ቀን ከሳይካትሪ አንድ ሰው ጋብዢ። ፕሮፖዛሉን ከዚያ በኋላ ጻፊና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ። ርዕሱ «ስርጭት» ብሎ ከጀመረ ግን ሳልከፍተው ነው የምመልሰው።