የ400 ዓመት ኖታ እንጀራ ይሆናል?

ከእንግሊዝ የጻፍሽልን እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፒያኖ ተምረሻል፣ ኮድ መጻፍም ጀምረሻል። የጥንት የእንግሊዝ የኪቦርድ (እንደ ፒያኖ ባለ ባለቁልፍ መሣሪያ የሚጫወት) ሙዚቃ አርታኢ መሆን ትፈልጊያለሽ። ቤተሰቦችሽ ግን «ይሄ ደግሞ ምን ያበላል?» አሉሽ።

እውነቱን ልንገርሽ። በዚህ ሥራ ብቻ የሚተዳደሩ ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ያስተምራሉ ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራሉ፤ አርትዖቱ ከጎን ነው። ቢሆንም ተስፋ አትቁረጪ። የትም ከማመልከትሽ በፊት አንድ ሥራ ራስሽ ጨርሺ።

የጥንቱን የእንግሊዝ አቀናባሪ የዊልያም በርድን «ዘ ካርማንስ ዊስል» የተባለ ሙዚቃ ውሰጂ። በ1591 በእጅ በተጻፈው፣ የሌዲ ኔቬል መጽሐፍ በሚባለው የኖታ ጥራዝ ውስጥ አለ። ካምብሪጅ፣ ፊትዝዊልያም ሙዚየም ባለው ትልቅ የእጅ ጽሑፍ ጥራዝ ውስጥም አለ። ሊቃውንቶቻችን አንድን ድርሳን ከሁለት ብራና እንደሚያመሳክሩት ሁለቱን አመሳክሪ።

መጀመሪያ ግር የሚልሽ ኖታው የሚቀመጥበት መስመር ነው፤ አምስት ሳይሆን ስድስት ነው። ቀጥሎ የኖታውን ዘንግ የሚያቋርጡ ትንንሽ ሰረዞች ታያለሽ። አንዳንዴ አንድ ናቸው፣ አንዳንዴ ሁለት። ማስጌጫ መሆናቸው ይታወቃል። እንዴት እንደሚጫወቱ ግን ከዘመኑ አቀናባሪዎች የደረሰን ማብራሪያ የለም። ስለዚህ በዛሬ የትሪል (ሁለት ጎረቤት ድምፆችን በፍጥነት የማፈራረቅ) ምልክት አትተኪያቸው። እንዳሉ ተያቸው። ሻርፑም (ድምፁን በግማሽ ከፍ የሚያደርገው ምልክት) እንደዚሁ ያስቸግራል። አንዱ ኖታ ላይ አለ፣ ወዲያው ሲደገም የለም። ጸሐፊው ረስቶት ነው ወይስ አውቆ የተወው? ልትጨምሪው ትችያለሽ፤ ግን አንባቢው ያንቺ ጭማሪ መሆኑን በግልጽ ይይ። እኔ አርታኢን የምመዝነው በዚህች ነገር ነው።

ከዚያ በኤምኢአይ ጻፊው። ኤምኢአይ ኖታን በኤክስኤምኤል፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚያነበው የመለያ ምልክት አጻጻፍ፣ ለመጻፍ የወጣ፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት ደንብ ነው። የሁለቱን ቅጂ ልዩነት በአንድ ፋይል ይይዝልሻል። ቬሮቪዮ የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ ብራውዘር ላይ ኖታ አድርጎ ያሳይሻል።

ለቤተሰቦችሽ ይህንንም ንገሪያቸው። ኤምኢአይ የተቀረጸው ለጽሑፍ በሚያገለግለው በቲኢአይ አምሳያ ነው። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያና የኤርትራ የብራና መጻሕፍትን በዲጂታል የሚመዘግበው በዚሁ በቲኢአይ ነው። ግዕዝ ትንሽ ካለሽ ያም በር ለአንቺ ቅርብ ነው።

ስትጨርሺ ሐርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለቁልፍ መሣሪያ) ያለበት ቦታ ፈልጊና ያረምሽውን ተጫወቺው። ጣትሽ እምቢ ያለበት ቦታ ካለ ወደ እጅ ጽሑፉ ተመለሺ። ፋይሉን ከማመልከቻሽ ጋር የምታያይዢው ከዚያ በኋላ ነው።