የጢም ምላጭን በድንጋይ ስለ መሳል፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለ እጀታውን ታጣፊ ምላጭ በገዛ እጃቸው እየሳሉ ጢማቸውን መላጨት የሚፈልጉ ወዳጆች በየጊዜው የሚጠይቁኝን ጥያቄ አንድ ላይ ሰብስቤ መመለስ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። እኔ ባለሙያ ፀጉር አስተካካይ አይደለሁም፤ ጀጎል ውስጥ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለዓመታት የራሴንና የጎረቤቶቼን ምላጭ ስስል የቆየሁ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ያለሁት ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ባለ 1000፣ ባለ 4000 እና ባለ 8000 ቁጥር ድንጋይ ገዝቻለሁ። በ8000ው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ብሠራም ምላጩ ጢሜን ይጎትታል እንጂ አይላጭም። ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ጥፋትህ 8000ው ላይ ሳይሆን 1000ው ላይ ነው። ምላጭ ስለት አለው የሚባለው ከግራና ከቀኝ የተሳሉት ሁለት ገጾች በጠርዙ ላይ ሲገናኙ ነው። ካልተገናኙ በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ዱልዱም ቦታ ይቀራል፣ እርሱም ጢሙን ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋዋል። የ1000 ቁጥር ድንጋይ ቅንጣት ወደ 15 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስለሚጠጋ ብረት ያነሳል፤ የ8000ው ግን ከ2 ማይክሮን በታች በመሆኑ ያለውን ያለሰልሳል እንጂ የሌለውን ስለት አይፈጥርም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታደርግ የቆየኸው ዱልዱሙን ማስዋብ ነው።

ወደ 1000ው ተመለስ፣ ስንት ጊዜ ላስኪደው ብለህም አትቁጠር። ምላጩን አምፖል ሥር ይዘህ ስለቱን ወደ ላይ አቅናና ጠርዙን ትኩር ብለህ ተመልከት፤ የትም ቦታ ላይ ነጭ ብልጭታ ከታየህ እዚያ ቦታ ሁለቱ ገጾች ገና አልተገናኙም ማለት ነው፣ ምክንያቱም የተገናኘ ጠርዝ ብርሃን የሚመልስበት ስፋት የለውም። ብልጭታው ጠፍቶ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ድረስ የክንድህን ፀጉር ሳይጎትት ሲላጭ ብቻ ወደ 4000 ተሻገር። ከዚያ በኋላ በየድንጋዩ ከ20 እስከ 30 ደርሶ መልስ ይበቃል። እኔም በመጀመሪያው ምላጬ ሦስት ሳምንት በከንቱ ከደከምኩ በኋላ ሻጩን «የሸጥክልኝ ድንጋይ ማስመሰያ ነው» ብዬ ተጣልቼው ነበር፤ ነገሩ ሲገባኝ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ጥያቄ፦ የወጥ ቤት ቢላዋ ሲሳል ጀርባው ከድንጋዩ ከፍ ይደረጋል። ለምላጭ ምን ያህል ከፍ ላድርገው?

መልስ፦ ምንም ከፍ አይደረግም፤ ጀርባውም ስለቱም በአንድ ጊዜ ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። የምላጭ ጀርባ ወፍራም ሆኖ የተሠራው ማዕዘኑን ራሱ እንዲጠብቅ ነው። ለምሳሌ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ምላጭ ሲተኛ 16 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ይሰጣል። የጀርባው መበላት ካሳሰብዎ አንድ ዙር ናስትሮ ይለጥፉበት፣ ግን በ1000 ላይ ከለጠፉ እስከ መጨረሻው ድንጋይ ድረስ ለጥፈው ይጨርሱ፤ መሃል ላይ ካነሱት ማዕዘኑ ይለወጣል። አካሄዱ ስለቱን በማስቀደም ሲሆን ዳር ሲደርሱ ምላጩን በጀርባው ላይ ያገላብጡታል። የእጅ ጫና ደግሞ ከምላጩ ክብደት ብዙም መብለጥ የለበትም፤ የሚጫን ሰው ቀጭኑን ብረት ያጎብጠዋል፣ ከድንጋዩ ሲያነሳው ግን ብረቱ ወደ ቦታው ይመለስና ስለቱ ሳይነካ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከደቻቱ ወንዝ ያነሳሁት ለስላሳ ድንጋይ አለኝ። በእርሱ ብስል ምን አለበት?

መልስ፦ ለገጀራ ይሆናል፣ ለምላጭ ግን አልመክርም። በተፈጥሮ ድንጋይ መሳል ነውር ሆኖ አይደለም፤ ከቤልጅየም አርዴን ተራሮች የሚወጣው ኮቲኩል የሚባለው ብጫማ ድንጋይ በውስጡ ባሉት ደቃቅ የጋርኔት ቅንጣቶች የተነሳ ለምላጭ ማለስለሻነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ወሳኙ ነገር የቅንጣቱ እኩልነት ነው። የወንዝ ድንጋይ በእጅ ሲዳሰስ ቢለሰልስም አንዲት ሻካራ የአሸዋ ቅንጣት በውስጡ ካለች አንድ ሰዓት የደከሙበትን ስለት በአንድ ጉዞ ትሸርፈዋለች።

ጥያቄ፦ አያቴ ለገሃር የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በሳጥናቸው ውስጥ ዞሊንገን የሚል ማኅተም ያለበት ምላጭ አገኘሁ። ለባለቤቴ ሊያገለግል ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዞሊንገን በስለት ሥራ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት፤ ስሟም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ከሆነ ብረቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን አስቀድመሽ ዝገቱን እዪ። ጎኑ ላይ ያለ ዝገት መልክ ብቻ ያበላሻል፤ ስለቱ ጠርዝ ላይ ጉድጓድ የሠራ ዝገት ግን እስኪያልቅ ብረቱን ማንሳት ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይሆንም። እጀታው ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ከሆነና ካምፎር ካምፎር እየሸተተ መሰነጣጠቅ ከጀመረ ምላጩን ያዝገዋልና ከእርሱ ለዪው። በሚሽከረከር ሞተር ለሚስሉ ሰዎች ደግሞ ከቶ እንዳትሰጪው፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ በደቂቃ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት አለኝ። ስዬ ለደንበኞች ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይሆንም። ከተሳለ በኋላ ስለቱ የሚለሰልስበት ቆዳ ጠፍር ከጀርም ሊነጻ አይችልም፣ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስም በደም ይተላለፋሉ። ለደንበኛ ለሁለት ተሰብሮ መያዣው ውስጥ የሚገባና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ምላጭ ይጠቀሙ፤ የሚሳለው የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ ይቅር።

ጥያቄ፦ ድሬ ሙቀቱ ድንጋዩን ወዲያው ያደርቅብኛል፣ ምላጩም ይዝጋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ውሃ የሚመጥ ዓይነት ከሆነ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ ሲሠሩም ከጎንዎ በጣሳ ውሃ ይኑርዎ፣ ፀሐይ ላይ ግን አያስጡት። ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የድሬ ውሃ ምላጭ ላይ ከደረቀም ነቁጥ ይተዋልና ወዲያው ይወልውሉት። ለዝገት እኔ የምጠቀመው መኪና ግርግር ካሉት ልብስ ሰፊዎች የማገኘውን የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ አንድ ጠብታ በጨርቅ ይበቃል። ከመላጨትዎ በፊት በቆዳ ጠፍር ላይ ጀርባውን እያስቀደሙ ከ30 እስከ 60 ደርሶ መልስ ያስኪዱት። ስለቱን ካስቀደሙ ጠፍሩን ይቆርጡታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የከዚራው ነኝ። በ1000ው ላይ እንደነገርከኝ ሠራሁ። አሁን እጀታው አጠገብ ያለው ፀጉር ይላጫል፣ ጫፉ ግን እምቢ ብሏል።

መልስ፦ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ የቀረህ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። በቅድሚያ የድንጋዩን ፊት በእርሳስ እንደ መረብ አስምርና፣ መኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚሠሩበትን ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግተህ ድንጋዩን እሸው። መሃል ላይ ያለው መስመር ከዳሩ ዘግይቶ ከጠፋ ድንጋይህ ጎድጉዷል ማለት ነው፤ እርሳሱ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ ቀጥል። ከዚያ ስለቱን በማርከር ቀብተህ አሥር ጊዜ አስኪደው። ቀለሙ ጫፉ ላይ ካልለቀቀ ምላጩን ቀጥ ብለህ እየገፋህ ጉዞውን ጫፉ ድንጋዩ ላይ ሳያልፍ እየጨረስክ ነው፤ ከእጀታው ሥር ጀምረህ ወደ ጎን እየሳብክ በሰያፍ አስኪደውና ጉዞህን በጫፉ ጨርስ። ቀለሙ ከጫፉ ላይ ሲለቅ ፀጉሩም ይነሳልሃል፤ እስከዚያው 4000ውን ከሣጥኑ አታውጣው።