የሕይወት ታሪካቸው እስኪነበብ አትጠብቁ

ልጆቼ፣

የሆስፒታላችሁን የሠራተኞች የምስጋና ቀን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ መግባታችሁን ነግራችሁኝ ምክር ጠይቃችሁኛል። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ ልጽፍላችሁ ተቀመጥሁ። በነርስነት ጀምሬ በማትሮንነት፣ ማለት በነርሶች ኃላፊነት፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ኮሚቴ በአባልነትም በሰብሳቢነትም አውቀዋለሁ። የምላችሁ ሁሉ ደስ አያሰኝ ይሆናል፤ ጠይቃችሁኛልና ስሙኝ።

እንደ ብዙዎቹ የመንግሥት ሆስፒታሎቻችን የእናንተም ሆስፒታል መግቢያው አጠገብ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች የተጻፉበት ሰሌዳ አለው። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበርና ከዚያ ወዲህ እነዚህ ቃላት በየግድግዳው በዝተዋል። ቃላቱን አልጠላቸውም። የምጠላው በምስጋናው ቀን ከሰሌዳው ተገልብጠው ሰርተፍኬት ላይ ሲሰፍሩ ነው። «ላሳዩት ታታሪነት፣ ቅንነትና ሩኅሩኅነት» ይላል ወረቀቱ። ስሙን ፍቃችሁ የሌላ ሰው ስም ብትጽፉበት ማንም አያውቅባችሁም። ተሸላሚው ራሱ ምን ሠርቶ እንደተሸለመ ሳይገባው ከኃላፊው ጋር ፎቶ ተነሥቶ ወደ ዋርዱ ይመለሳል።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ተሸላሚ ስም ሥር አንድ የተደረገ ነገር ጻፉ፤ በየትኛው ክፍል፣ በምን ሰዓት፣ ምን እንዳደረገ። መጻፍ ካቃታችሁ ሰውየውን ገና አላወቃችሁትም ማለት ነውና ሄዳችሁ አብረውት የሚሠሩትን ጠይቁ።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ። አብሬው የሠራሁት አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበር። እናንተ በኮምፒውተር ዘመን ስለመጣችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ እንጂ የያኔው ካርድ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል የታጨቀበት ጠባብ ክፍል ነው። ከገጠር የመጣ በሽተኛ የካርድ ቁጥሩን የያዘችውን ወረቀት ከጣለ ፋይሉ የሚፈለገው በስሙ ነው። ስሙ ኃይሉ ከሆነ ደግሞ ጉድ ፈላ፤ አንዱ ጸሐፊ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሐ»፣ ሦስተኛው በ«ኃ» መዝግቦታል። የሰለቸው ሠራተኛ «አዲስ ካርድ ያውጡ» ብሎ ይገላገላል። አዲስ ካርድ ወጣ ማለት ግን ያለፈው ሕመም፣ ያለፈው ምርመራ፣ ያልተስማማው መድኃኒት ሁሉ ተረሳ ማለት ነው። ይኼ ሰው ሦስቱንም መደርደሪያ ያስሳል፤ የአያት ስም ይጠይቃል፤ «ባለፈው የመጡት በክረምት ነው በበጋ?» ይላል፤ አቧራውን አራግፎ ፋይሉን ያወጣዋል። አንድ ቀን እንዲህ ተፈልጎ የተገኘ ፋይል ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚል ተጽፎበት ነበር። ለሽማግሌው ሊታዘዝ የነበረውም ፔኒሲሊን ነበር።

ያ ሰው በሥራ ዘመኑ አንድም ሰርተፍኬት አልደረሰውም። የካርድ ክፍል ሠራተኛ በምን ይሸለማል? ይኼንን ታሪክ በሙሉ ድምፅ ሲነገር የሰማሁት ቀብሩ ላይ፣ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ነው። አጠገቤ የቆሙ የሥራ ባልደረቦቹ «እንዲህ ያደርግ ነበር እንዴ?» ተባባሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። «ሙያ በልብ ነው» ብለን እናድጋለን፤ የራስን ሥራ መናገር ነውር ነው፤ ይሁን፣ ጥሩ ነውር ነው። ባለቤቱ ካልተናገረ ግን ሌላው መናገር ነበረበት፤ ሌላው ደግሞ «ምን አገባኝ» ወይም «ሊያሞጋግስ ነው ይሉኛል» ብሎ ዝም ይላል። በዚህ መካከል ስንቱ የጋን መብራት ሆኖ ጡረታ ወጣ! የሕይወት ታሪክ እንደሆነ ሟቹ አይሰማውም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከብዳል። በእኛ ሙያ ትልቁ ሥራ ብዙ ጊዜ ምንም ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ ያልሆነ ነገር ደግሞ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ታውቁታላችሁ። ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ተብሎ ጮክ ብሎ የሚነበብ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከታንዛኒያዋ ኢፋካራ እስከ ለንደንና ሲያትል ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ዝቅ ብለው ተገኙ። አዲስ መድኃኒት አልመጣም፤ አዲስ መሣሪያም አልተገዛም። ሰዎች ስማቸውንና ድርሻቸውን ተናገሩ፣ ቆጠሩ፣ ተጠያየቁ።

መቁጠር ቀላል ይመስላል። አንዲት ወጣት መሣሪያ አቀባይ ነርስ የሠራችውን ልንገራችሁ። ቀዶ ሕክምናው ተራዝሞ ሁሉም ደክሟል፤ ሐኪሙ ሆዱን ሊዘጋ ክር ጠየቀ። ከመዘጋቱ በፊት ጎዝ የምንለው ደም መጥረጊያ ጨርቅ ሆድ ውስጥ እንዳይቀር ይቆጠራል። «ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ይጎድለኛል» አለች። «ድገሚና ቁጠሪ።» ቆጠረች። «ይጎድላል።» «ከመጀመሪያው ተሳስተሽ ይሆናል» አላት፤ ሰውየው ከእርሷ በብዙ ዓመት የሚበልጥ፣ ስሙ የተፈራ ሰው ነው። እጇ ላይ ያለውን የክር መያዣ አልሰጠችውም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብቻ አልሰጠችውም። ተፈለገ። ጎዙ የተገኘው በሽተኛው ሆድ ውስጥ አልነበረም፤ ከባልዲው ሥር ወለሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። «ይኸው፣ ጊዜያችንን በላሽው» ተባለች፤ ያን ቀንም ሳምንቱን ሙሉም ፊት ተነሣች።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ጎዙ ሆድ ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ጀግና ትባል ነበር። ወለል ላይ ስለተገኘ ነገረኛ ተባለች። የሠራችው ሥራ ግን ያው አንድ ነው። ሰሌዳችሁ ላይ «የታካሚ ደህንነት» የሚል እሴት ካለ፣ መሸለም ያለባት ወለል ላይ ያገኘችዋ ናት እላለሁ፤ በድርጊቷ ምክንያት ምስጋና ሳይሆን ቁጣ ስለተቀበለች።

ታሪኩን ከየት እናምጣ ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ «ዴዚ» የሚባል የነርሶች ሽልማት አለ፤ እዚያ የሚሠሩ የእኛ አገር ነርሶች በደንብ ያውቁታል። የተመሠረተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ፓትሪክ ባርንስ የሚባል የ33 ዓመት ሰው በደም ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ሞተ። ልጃቸውን ያጡት ቤተሰቦች ሆስፒታሉን ሊከሱ አልተነሡም፤ ልጃቸውንና እነርሱን የያዙበትን መንገድ አስታውሰው ነርሶችን የሚያመሰግን ድርጅት አቋቋሙ። ከሽልማቱ ጋር በዚምባብዌ የሾና ቀራጮች ከድንጋይ የጠረቡት ትንሽ ሐውልት ይሰጣል። እኔን የማረከኝ ሐውልቱ አይደለም። ዕጩ የሚጠቆመው በታካሚ፣ በቤተሰብ ወይም በባልደረባ ነው፤ ጠቋሚውም ነርሷ ያደረገችውን በታሪክ መልክ ይጽፋል። ኃላፊው ቢሮው ተቀምጦ ስም ዝርዝር አይሞላም።

እናንተ ድንጋይ ማስጠረብ አይጠበቅባችሁም። አስታማሚዎችን ጠይቁ። አስታማሚ ከዋርድ ኮሪደር ወለል ላይ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያድር ሰው ነው፤ የትኛዋ ነርስ ስትጠራ እንደምትመጣ፣ የትኛው ደግሞ ተኝቶ እንደሚያድር ከማናችንም በላይ ያውቃል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ካለ አንድ ተማሪ አስቀምጡና ቃሉን ይጻፍለት። የአስተያየት መስጫ ሣጥን ሰቅላችሁ «ሐሳብ አልገባልንም» እንዳትሉኝ፤ ቁልፉ የጠፋበት ሣጥን ስንት አይቻለሁ። የጽዳት ሠራተኞችን ጠይቁ፤ እነርሱ የማን ጠረጴዛ ሥር ያገለገለ መርፌ ተጥሎ እንደሚገኝ፣ ማን ደግሞ በሥነ ሥርዓቱ በደህንነት ሣጥኑ እንደሚከት ያውቃሉ፤ ያላግባብ የተጣለው መርፌ የሚወጋው እነርሱን ነውና። በር ላይ ያለውን ጥበቃም እንዳትዘሉት። «ላቦራቶሪ በዚያ በኩል» ብሎ በእጁ የሚያመለክት ጥበቃና ማንበብ የማይችለውን ገበሬ እስከ በሩ የሚያደርስ ጥበቃ ደመወዛቸው እኩል ነው።

የታካሚ ስም፣ ሕመምና ፎቶ ግን አዳራሽ ውስጥ አይውጣ፤ ቴሌግራም ላይም እንዳታወጡ። ሰውን እያመሰገናችሁ የሌላውን ምሥጢር አትዝሩ። «አንዲት እናት» ማለት ይበቃል።

ምስጋና ወረቀት ብቻ መሆን እንደሌለበት ለመረዳት የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ነገር አስቡ። ገና በወጣትነታቸው በመጀመሪያ ምጣቸው ተጎድተው፣ ሽንት መቆጣጠር በሚያሳጣው የወሊድ ጉዳት፣ በፌስቱላ፣ ታመው አዲስ አበባ ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል መጡ። በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ መጥተው እዚያ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አከሟቸው። ማንበብና መጻፍ የማያውቁት ወጣት እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ፣ በሽተኞችን ማጽናናት ጀመሩ። ሐኪሞቹ እጃቸውን አዩ፤ መሣሪያ እንዲያቀብሉ፣ ኋላም እንዲሰፉ አደረጓቸው። በመጨረሻ ራሳቸው የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ፣ ለሐኪሞችም የሚያሳዩ ሰው ሆኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከሃምሊኖቹ ጋር ከእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበሉ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቢቢሲ ከመቶ ሴቶቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ሜዳሊያው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ የመጣው አልጋ የምታነጥፍን ሴት እጅ አስተውሎ «እስቲ ይኼንን ያዢ» የሚል ሰው ነው። ሆስፒታላችሁ ለጎበዝ ጽዳት ሠራተኛ የሚሰጠው ሌላ ነገር ባይኖር የማታ ትምህርት እንድትማር ፈረቃዋን ማስተካከል ይችላል። ይኼንን በቃለ ጉባኤ አስይዙልኝ።

አንድ የማልስማማበት ሽልማት አለ። «ያለ ዕረፍት ቀንና ሌሊት የሠራች» ተብሎ የሚሰጠው። ተተኪ ጠፍቶ አንዲት ነርስ አዳሯን ጨርሳ ቀኑንም ከሠራች የሚገባት ዕንቅልፍ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ተተኪ ለምን ጠፋ የሚል ነው። አዳራሽ ጠርቶ ማጨብጨብ ያንን ጥያቄ ይሸፍነዋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ለወራት በተጓተተበት፣ ጓንት በሚጠፋበት ቤት ውስጥ የአበባ ጉንጉን ማደል ሲደረግ አይቻለሁ፤ ሠራተኛው በአዳራሹ ውስጥ ያጉረመርም ነበር፣ እውነቱንም ነው። እናንተ ገንዘብ የምትመድቡ አይደላችሁም፤ ነገር ግን ለኃላፊዎቹ «ክፍያው ከፕሮግራሙ በፊት ይለቀቅ» ብላችሁ በደብዳቤ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቢቆጧችሁም ጠይቁ።

ስለ ራሳችሁም አንድ ነገር ልበል። ወጣት ናችሁና መመስገን ትወዳላችሁ፤ እኔም እወድ ነበር፣ አሁንም አልጠላም። ከዚያ በፊት ግን የባልደረባችሁን ሥራ ማየትና መናገር ልመዱ። በጠዋት ርክክብ የጎደለው፣ የተሰበረው፣ ያልተሰጠው መድኃኒት ሁሉ ይነገራል፤ መነገርም አለበት። በዚያው አፋችሁ «ማታ አልጋ ሰባት ላይ ያሉት እናት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቀድማ ያየችው እርሷ ናት» በሉ፣ ልጅቷ እዚያው ቆማ እያለች፣ ሐኪሙም እየሰማ። የባሰ ደካማ ባልደረባ ሲኖራችሁ እንኳ አንድ ደህና የሠራውን ነገር ፈልጉለት፤ አንዳንዱ የሚታረመው ስለ ድክመቱ ሲነገረው ሳይሆን ሰው እንደሚያየው ሲያውቅ ነው። ሁሉም ግን አይታረምም። እሱን ለአስተዳደሩ ተዉት።

በዓሉን የነርሶች ቀን በሆነው ግንቦት 4 ልታደርጉት እንዳሰባችሁ ነግራችሁኛል። ለነርስ ጥሩ ነው፤ የካርድ ክፍሉ፣ የልብስ ንጽሕናው፣ የወጥ ቤቱና የጥበቃው ሰው ግን «የእናንተ በዓል ነው» ብሎ ይቀራል። ሌላ ቀን ፈልጉ። ሰዓቱን ስትወስኑ የጽዳት ሠራተኞች ፈረቃ የሚለወጥበትን አጣሩ፤ አዳር የወጡት ተኝተው፣ አዳር የሚገቡት ገና ቤታቸው እያሉ ኬክ ቆርሳችሁ እንዳትጨርሱ። ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ብታደርጉት ይሻላል፤ አዳራሽ ባይኖርም የዋርዱ ኮሪደር ይበቃል። የክብር እንግዳው ንግግር አጭር ይሁን፣ የተሸላሚዎቹ ታሪክ ግን ሳይቆረጥ ይነበብ፤ አንባቢውም ስማቸውን ከነአባታቸው አስተካክሎ እንዲጠራ ቀድሞ ይለማመድ። ጥሪው ከደረሰኝ እመጣለሁ። ንግግር ግን እንዳታስይዙኝ፤ የምለውን እዚህ ጨርሼዋለሁ።